የበርኑ ጺትግሎገ፦ ከታች ቆሞ ማየት ይበቃል ወይስ መግባት ያስፈልጋል?

የስዊዘርላንዷ በርን ውስጥ ሰዓት ሊሞላ ሲል ጺትግሎገ የተባለው የሰዓት ግንብ ሥር ሰው ይሰበሰባል። ስልኩን ያነሳል፣ ይቀርጻል፣ ከዚያም "ይቺው ናት እንዴ?" እያለ ይበተናል። ቅሬታው እውነት አለው። ሰዓት ሲሞላ የሚንቀሳቀሱት ምስሎች ትናንሽ ናቸው፣ እንቅስቃሴያቸውም ዝግ ያለ ነው። ገንዘብ የሚወጣበት የውስጡ ጉብኝት ግን ሌላ ነገር ነው።

ግንቡ ሲጀመር የከተማ በር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1218 እስከ 1220 ገደማ የምዕራብ መግቢያ ሆኖ ሲሠራ ቁመቱ 16 ሜትር ቢሆን ነው። በ1256 ቅጥሩ ወደ ምዕራብ ሲገፋ በርነቱን ኬፊግቱርም የተባለ ሌላ ግንብ ወሰደበት፤ ጺትግሎገም በኋላ ከቤቶቹ በላይ አሻግሮ ማየት እንዲችል 7 ሜትር ያህል ተጨመረለት። ከ1344 እስከ 1346 ቅጥሩ እንደገና ሲሰፋ ለመከላከያ የሚፈይደው ነገር ስላልነበረ የሴቶች እስር ቤት ሆነ። ከቄሶች ጋር ተኝታችኋል የተባሉ ሴቶች ይታጎሩበት ነበር። በ1405 ከተማዋን የበላው እሳት ግንቡንም ውስጥ ውስጡን ጨረሰው፤ እስር ቤትነቱም በዚያው አበቃ። ሰዓትና ደወል የመጡለት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው በ1405 የተሠራው ደወል 1,400 ኪሎ ይመዝናል፣ የአፉ ስፋት 127 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ዛሬም የሚደወለው እሱው ነው።

ከታች ለሚያይ ሰው ትልቁ ስህተት የተሳሳተ ጎን መቆም ነው። ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የምዕራቡን ፊት ነው፤ ሰዓት አለው፣ ያምራል፣ ትርኢት ግን የለውም። በቅስቱ ሥር አልፎ ወደ ክራምጋሰ ጎዳና መውጣትና ፊትን መልሶ መቆም ነው። አምስት ደቂቃ ቀድሞ መገኘት ይሻላል፣ ምክንያቱም ጨዋታው የሚጀምረው ሰዓቱ ከመሙላቱ ሦስት አራት ደቂቃ በፊት ነው። ዶሮው ይጮኻል፣ ቀልደኛው ቸኩሎ ሁለት ትናንሽ ደወሎቹን ይመታል፣ ድቦቹ በሰልፍ ይዞራሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ላይ ጉልላቱ ውስጥ ያለው ባለወርቅ ቅብ ሰውዬ ሐንስ ፎን ታን ትልቁን ደወል ሲመታ፣ ጢማሙ የጊዜ አምላክ ክሮኖስ ደግሞ በበትሩ ይቆጥራል። ብዙ ሰው ዓይኑን ድቦቹ ላይ ተክሎ ይሄ ያመልጠዋል። መንገዱ አውቶቡስ ያልፍበታልና ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መቅረጽ አይመከርም።

ከምስሎቹ ጎን ያለው የሥነ ፈለክ ሰዓት የቀኑን 24 ሰዓት፣ ፀሐይ ያለችበትን የዞዲያክ ምልክት፣ ዕለቱንና ቀኑን፣ የጨረቃዋንም መሙላትና መጉደል ያሳያል። አንድ ጉድለት አለበት፦ ስለ ፌብሩዋሪ 29 አያውቅም፤ በአራት ዓመት አንዴ ሰው በእጁ ያስተካክለዋል።

ወደ ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ አሳንሰር የለም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወይም የሕፃን ጋሪ የያዘ ቤተሰብ ይቅርበት። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ በአውሮፓ በጋ ትኬት ቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ሲይዙም አስጎብኚው የሚናገርበትን ቋንቋ ማየት አይረሳ። በ1530 ካስፐር ብሩነር የጨረሰው የብረት ማሽን በየቀኑ በእጅ ይጠመጠማል፤ የድንጋይ ክብደቶቹ ቀስ እያሉ ሲወርዱ ጥርሶቹን ያንቀሳቅሳሉ። የዶሮው ጩኸት ከወናፍ የሚወጣ ንፋስ መሆኑም የሚገባው እዚህ ነው። ሰዓት ሲሞላ የማሽኑ ክፍል ውስጥ መሆን የትኬቱን ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ የጉብኝቱ መነሻ ሰዓት ለዚህ ይመች እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከላይኛው ክፍል ወደ ምዕራብ ሲታይ በማርክትጋሰ ጎዳና ጫፍ ኬፊግቱርም ቆሟል፤ ከተማዋ ምን ያህል እንደተገፋች ከካርታ በተሻለ ይታያል። ትኬት ያላገኘ ሰው ደግሞ ቢያንስ በቅስቱ ሥር ግድግዳው ላይ ያሉትን የአንድና የሁለት ሜትር መለኪያዎች ይይ። ማንም መጥቶ የሚያመሳክርባቸው የሕዝብ መለኪያዎች ናቸው፣ ክፍያም የላቸውም።