ሳቢያን ላለችው የፕሪንተር ባለሙያ ምስጋና፣ ቤታቸው ለሚያትሙ የድሬ ሰዎች ደግሞ ጥቆማ

ድሬዳዋ ውስጥ የቀለም ፕሪንተር (ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ዓይነት) ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ይህን እስከ መጨረሻው ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። የማመሰግናት አንዲት ሴት ናት። በአደባባይ የምጽፈው ግን ሌላውም እንዲጠቀም ብዬ ነው።

ባለሙያዋ ሳቢያን ውስጥ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ፕሪንተር ትጠግናለች፣ ቀለም ትሞላለች። ስሟንና ስልኳን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ «ጋሼ፣ ሰው ከበዛብኝ እጣደፋለሁ፣ ከተጣደፍኩ አበላሻለሁ» ነው ያለችኝ። ሰፈሩ ደርሳችሁ ፕሪንተር የምትሠራዋን ብትሉ የባጃጅ ሹፌሮቹ ያሳዩአችኋል።

ባለቤቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስለሆነች የእኛ ፕሪንተር ፊደልና ቁጥር፣ የዝሆንና የግመል ሥዕል ሲያትም ይከርማል። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ባለፈው መስከረም ሥራ ሲጀምር ሰማያዊው ቀለም ጨርሶ ጠፍቶ፣ ጥቁሩም በየመስመሩ እየተቆራረጠ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ማሽኑን እንኳ ሳይሰኩ «የማተሚያው ራስ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ» ብለው ፈረዱበት፤ የማተሚያው ራስ የሚሉት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ ሊያስመጡልንም ተዘጋጅተው ነበር።

የሳቢያኗ ባለሙያ ግን ከሁሉ በፊት የፍተሻ ገጽ አተመች። በዚያ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ቀለም በቀጫጭን መስመሮች ስለሚወጣ፣ መስመር የተቋረጠበት ቦታ ቀዳዳው መደፈኑን ያሳያል። ወረቀቱን ለእኔ አዙራ «ይኸውልዎት፣ የማተሚያው ራስ አልሞተም፣ ደርቆ ነው» አለችኝ። ምክንያቱንም አስረዳችኝ። ቀለሙ የሚረጨው ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው፤ በውስጡ ያለው ውኃ ሲተን ቀሪው ዝቃጭ አፋቸውን ይዘጋል። አምራቾች ለብዙ የቤት ፕሪንተር የሚፈቅዱት የሥራ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ግንቦትንና ሰኔን ድሬ ላይ ያሳለፈ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። አቧራውን ሳንቆጥር ማለት ነው።

የማጽጃውን ትዕዛዝ ጥቂት ጊዜ ሰጥታ አጥፍታው አሳደረችው። እኔ ደጋግማ የምታጸዳው መስሎኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ማጽጃ ከታንኩ፣ ማለትም በጠርሙስ ከሚሞላው የቀለም ማጠራቀሚያ፣ ቀለም እየመጠጠ ከማሽኑ ሥር ወዳለው ስፖንጅ ያፈስሳል፤ ስፖንጁ ሞልቷል ብሎ ፕሪንተሩ የቆጠረ ዕለት ደግሞ አላትምም ብሎ ይቆማል። ብዙዎቹ ባለታንክ ፕሪንተሮች በመመሪያቸው ጥቂት ጊዜ አጽድታችሁ ካልተስተካከለ ቢያንስ 12 ሰዓት አሳርፉት የሚሉት፣ በቱቦው የገባው አየር እንዲወጣና የደረቀው እንዲርስ ነው። በማግስቱ ሰማያዊው ተመለሰ። የተቀበለችኝ ሒሳብ ከአንድ ጠርሙስ ቀለም ዋጋ ያንሳል።

ግን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ጥገናው ብቻ አይደለም። ልጃችን ስትዳር የተነሣናቸውን ፎቶዎች በዚሁ ፕሪንተር አትመን ሳሎን ሰቅለናቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሰማያዊው እየሸሸ ሙሽሪትም አጃቢዎቿም ወደ ቀይ ሄዱ። ምናልባት የተሻለ ቀለም ትሸጥልኛለች ብዬ አሳየኋት። አልሸጠችልኝም።

እንዳስረዳችኝ የቀለም ፕሪንተር ቀለም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ስኳር በውኃው ውስጥ የሚሟሟው ነው፤ ደማቅና ርካሽ ነው፣ ፀሐይና አየር ግን ይበሉታል። በተለይ ቶሎ የሚደርቀው አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ለአየር ክፍት ስለሆነ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ሰማያዊውን ቀድሞ ያጠፋዋል፤ የእኛ ሙሽሮች የቀሉት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው፣ የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ያለበት ነው፤ ብርሃንን በጣም ይቋቋማል። እንግዲያውስ እሱን ሙይልኝ አልኳት። «ማሽንዎ ለእሱ አልተሠራም፤ ብናኙ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በእውነት የማተሚያ ራስ ሊገዙ ነው» ብላ እምቢ አለች። ለዘመን የሚቀመጠውን ፎቶ ቤት ወስጄ በኬሚካል በሚታጠበው ወረቀት እንዳሳትም፣ ቤት ያተምኩትን ደግሞ በመስታወት ውስጥ አድርጌ የመስኮት ብርሃን ከማያገኘው ግድግዳ እንድሰቅል መከረችኝ። ገበያዋን ለጎረቤት ነጋዴ የምትሰጥ ባለሙያ አላየሁም ነበር።

በታንክ ፈንታ ካርትሪጅ (ቀለሙን የያዘ፣ የሚነቀል ትንሽ ሳጥን) ያለው ፕሪንተር ለያዛችሁም ትሠራለች። እኔ ተቀምጬ ስጠብቅ አንድ ተማሪ በሲሪንጅ ራሱ ሞልቶ ያንጠባጠበበትን ካርትሪጅ ይዞ መጣ። ሳትቆጣው ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ስፖንጅ የሚችለው መጠን ውሱን መሆኑን፣ ሲትረፈረፍ ቀለሞቹ እንደሚቀላቀሉ አሳየችው። ብዙዎቹ የኤችፒ ካርትሪጆች የማተሚያው ራስ አብሯቸው ስለተሠራ፣ ባዶውን ማስኬድ ያቃጥለዋል፤ ሳያልቅ አስሞላ አለችው። ከተሞላም በኋላ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ቢል አትደንግጥ፣ የሚቆጥረው ካርትሪጁ ላይ ያለው ቺፕ ነው እንጂ ቀለሙን አይቶ አይደለም ብላ አሰናበተችው።

እንከን የላትም አልልም። ቀስ ብላ ነው የምትሠራው፤ ለቸኮለ ሰው ታናድዳለች። ስልክ እምብዛም አታነሣም። ቀትር ላይ ድሬ ስታሸልብ እርሷም ስለምትዘጋ፣ ጠዋት ወይም ሙቀቱ በረድ ሲል ብትሄዱ ይሻላል። ቀለም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጠርሙሱ የፕሪንተራችሁ ዓይነት መሆኑን ሳታረጋግጥ አትከፍተውም፤ ከገበያ የተገዛ ስም የለሽ ቀለም ከሆነም ፊቷ ላይ ታነቡታላችሁ።

ለእኛ የሰጠችን ትእዛዝ ቀላል ነው፦ ሥራ ባይኖርም በየሳምንቱ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ ማተም፣ ማሽኑን ደግሞ ከሶኬቱ ነቅሎ ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ማጥፋት፤ በቁልፍ ሲጠፋ የማተሚያው ራስ ወደ ክዳኑ ተመልሶ ይሸፈናል። ባለቤቴ በየዓርቡ አንድ የግመል ሥዕል ታትማለች፤ እስካሁን ሰማያዊው አልጠፋብንም።

ባለታንክ ፕሪንተር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ማጓጓዣ መቆለፊያ ካለው ቆልፉት፤ ባጃጅ ውስጥም ጉልበታችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከተጋደመ ቀለሙ ሱሪያችሁ ላይ ነው።