ናሙናውን ራስ መውሰድ፦ የኤችፒቪ ምርመራ ለትራንስጀንደር ወንዶች

ስወለድ ሴት ተብዬ የተመዘገብኩ፣ ዛሬ በወንድነት የምኖር ትራንስጀንደር ወንድ ነኝ። ለዓመታት ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ወስጃለሁ፤ ጢሜ አድጓል፤ ድምፄ ወፍሯል። የማህፀኔ በር ግን በቦታው አለ፤ ስለዚህ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ የሚፈልገው ምርመራ እኔንም ይመለከተኛል። እንደ እኔ ላለ ሰው ከሞከርኳቸው አማራጮች የሚሻለው ናሙናን በራስ እጅ መውሰድ ነው። ቅሬታዬ በምርመራው ላይ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው፤ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ረጅም ዘንግና ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ብልቃጥ። በሩን ቆልፌ፣ አንድ እግሬን ከፍ አድርጌ ቆምኩና ዘንጉን መመሪያው እስከሚያሳየው ምልክት ድረስ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ትንሽ ቆጠቆጠኝ እንጂ አላመመኝም። ቫይረሱ ከብልት ውስጠኛ ግድግዳም ስለሚገኝ ዘንጉ የማህፀን በርን መንካት አይጠበቅበትም። ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ የሚይዝ የሐኪም መሣሪያ) የለም፤ ማንም ሰው እግሬ ሥር አልቆመም፤ ሸሚዜንም አላወለቅኩም። ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ሳልመረመር በመቅረትና በመመርመር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከዚያ በፊት የተደረገልኝ የፓፕ ምርመራ (ከማህፀን በር የተወሰዱ ሴሎች በአጉሊ መነጽር የሚታዩበት) «ናሙናው በቂ አይደለም» ተብሎ ተመልሶ ነበር። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት፤ ቴስቶስትሮን የብልትንና የማህፀን በርን ሽፋን ስለሚያሳሳና ስለሚያደርቅ ሴሎቹን በአጉሊ መነጽር ማንበብ ያስቸግራል። በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከትራንስጀንደር ወንዶች የፓፕ ናሙና 11 በመቶ ያህሉ ለንባብ ሳይበቃ ሲቀር፣ በሴቶች ግን ከ1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። የኤችፒቪ ምርመራ የሚፈልገው የሴሉን መልክ ሳይሆን የቫይረሱን ዘረ መል ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ሰባ በመቶ ያህል ተጠያቂ የሆኑትን 16ኛውንና 18ኛውን ዓይነት ለይቶ የሚነግር ምርመራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ባወጣው መመሪያ የኤችፒቪ ምርመራን አስቀድሟል፤ ራስ የሚወሰድ ናሙናንም ተቀብሏል።

ድክመቱን አልደብቅም። ቫይረሱ ከተገኘ ዘንጉ የቀረውን ሥራ አይሠራም። 16 ወይም 18 ከሆነ ኮልፖስኮፒ (የማህፀን በርን በሚያጎላ መሣሪያ ማየት) ይከተላል፤ ሌላ ዓይነት ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባለሙያ የሚወሰድ የፓፕ ናሙና ይጠየቃል። ያኔ ስፔኩለም ይመጣል። ትንሹን እንዲጠቀሙ መጠየቅ ይቻላል፤ ሐኪም ካዘዘው ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ሳምንታት የሚቀባ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክሬም ሽፋኑን ያለሰልሳል። ክሬሙ በዋናነት የሚሠራው በተቀባበት ቦታ ስለሆነ ጢም ያጠፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ቫይረሱ ተገኘ ማለትም ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ በሽታ የመከላከል አቅም ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቫይረሱን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግዱታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በሄድኩበት ክሊኒክ መዝገቤ «ወንድ» ስለሚል ኮምፒውተሩ የምርመራውን ትእዛዝ አልቀበልም አለ፤ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛም ሰው በተሰለፈበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ እኮ የሴቶች ነው» አለኝ። ያዳነችኝ ነርሷ ናት። ወደ ክፍሏ አስገብታ «በምን ስም ልጥራዎት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከዚያም ላቦራቶሪው በስህተት የተላከ መስሎት ናሙናውን እንዳይጥለው ደውላ አስረዳች። የሰው ደግነት መልካም ነው፤ ግን የእኔ ጤና አንዲት ነርስ በዚያ ቀን ሥራ ላይ በመገኘቷ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። ትእዛዙ መከፈት ያለበት ሰውየው ባለው የሰውነት ክፍል እንጂ በመዝገቡ ላይ በተጻፈው ጾታ አይደለም። የምርመራ ጥሪ በተመዘገበ ጾታ በሚላክበት ሥርዓትም «ወንድ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ደብዳቤው ሳይደርሰው ይቀራል።

ማህፀናችሁ በቀዶ ሕክምና ከወጣ የማህፀን በሩ አብሮ መውጣቱን ከሐኪማችሁ አረጋግጡ። ከቀረ ምርመራው ይቀጥላል፤ ከወጣና ቀድሞ ከባድ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ካልነበረ ግን አያስፈልግም። የወር አበባ መቆሙ ወይም ከሴት ጋር ብቻ መተኛት ከምርመራ ነፃ አያወጣም።