ለመኪና ቴፕ ጩኸት የትኛው ይገዛ፦ ማጣሪያ፣ የማሳ መለያ ወይስ አዲስ የማሳ ገመድ?

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ባለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከዘፈኑ ሥር የሚያፏጭ ድምፅ የሰለቸው አሽከርካሪ ሱቅ ገብቶ የጩኸት ማጥፊያ ይጠይቃል። በዚህ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች ግን ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ምንጩን ለይቶ ያልሄደ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ሊያወጣ ይችላል።

ፉጨቱ ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ ምንጩ ዳይናሞው ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥን ድምፅ የካንዴላ ብልጭታ ሊሆን ይችላል፤ ካንዴላ የሌለው የናፍጣ ሚኒባስ ያለው ሰው ግን ይህን ጥርጣሬ ይተወው። የስልክ ቻርጀር ሲነቀል የሚጠፋ ጩኸት ደግሞ ሌላ ቻርጀር ከመግዛት በቀር ምንም አይፈልግም። አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ያለው ሰው፣ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ድምፁን ከቴፑ የሚያመጡለትን የአርሲኤ ገመዶች ይንቀልና ሞተሩ እየሠራ መልሶ ያብራው። ጩኸቱ ከጠፋ የሚገባው በድምፅ ገመዱ በኩል ነው፤ ካልጠፋ ግን በአምፕሊፋየሩ በራሱ የኃይል መስመር ወይም ኔጌቲቩን ከመኪናው ቦዲ ጋር በሚያገናኘው የማሳ መስመር ላይ ችግር አለ።

በድምፅ ገመዱ የሚገባው ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቴፑና አምፕሊፋየሩ ማሳቸውን ከተለያየ የቦዲ ክፍል በመያዛቸው ነው። የማሳ መለያው በውስጡ ለግራና ለቀኝ ድምፅ አንዳንድ ትንሽ ትራንስፎርመር ስላለው፣ ሁለቱን መሣሪያዎች በሽቦ ሳያገናኝ ድምፁን ብቻ ያሳልፋል። የርካሾቹ ጉድለት ቤዙን ማሳሳታቸው ነው፤ ዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ላስገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩን እየሞላ በኦክስ ገመድ ለሚያዳምጥ ግን በቂ ነው፤ እርግጥ ነው፣ ቴፑ ብሉቱዝ ካለው እርሱም አያስፈልግም።

በእኔ ግምት ከሁሉ አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ወፈር ያለ አጭር የማሳ ገመድ ነው። ቀለሙ እስኪለቅ በተፋቀ ብረት ላይ በብሎን ጠብቆ ቢታሰር፣ ውፍረቱም ከቀዩ የኃይል ገመድ ባያንስ፣ መለያው ሊሸፍነው የሚሞክረውን ችግር ከሥሩ ያስወግዳል። በጣና ዳር እያደረ ክረምቱን በእርጥበት የሚያሳልፍ መኪና ብሎኑ ስለሚዝግ የቆየው ገመድ ደኅና መስሎ ሊያታልል ይችላል። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሳለ በአምፕሊፋየሩ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል በመልቲሜትር ሲለካ ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ገመዱ ይቀየር።

ማጣሪያው ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ያለው ሲሆን በቴፑ የኃይል መስመር ላይ ይገባል። የተጻፈበት አምፔር ከቴፑ ፊውዝ ማነስ የለበትም፤ ለትልቅ አምፕሊፋየር አይሆንም፤ የማሳ ችግርንም አይነካም። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ መልቲሜትሩ በኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ተደርጎ ሲለካ ከ0.5 ቮልት በላይ የሚያሳይ መኪና የዳይናሞው ዳዮድ ሳይበላሽበት አልቀረምና፣ የማጣሪያውን ዋጋ ለዳይናሞ ጥገናው ቢያውለው ይሻላል።