የታይሚንግ መብራት ከስምንት ወር በኋላ፦ የዲኤክሴ ሞተር ለምን ይቅጨለጨል ነበር?

መስከረም ላይ አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመለስ የታይሚንግ መብራት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት በረጨ ቁጥር ብልጭ እያለ እሳቱ የሚረጭበትን ጊዜ (ታይሚንጉን) የሚያሳይ መለኪያ፣ አመጣልኝ። በሽጉጥ ቅርጽ የተሠራ፣ ከጀርባው ዲግሪ የሚቆጥር መደወሪያ ያለው፣ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ የሚወስድ ዕቃ ነው። ያስመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራችው ኮሮላ ዲኤክስ መኪናዬ ዳገት ላይ ስትጫን ሞተሯ ይቅጨለጨላል። አሁን ግንቦት ነው፤ ስለ ዕቃውም ስለ ድምፁም የምለው አለኝ።

ድምፁ በጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጠቀጥ ጠጠር ነው። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ይዤ ነዳጅ ስረግጥ ይጀምራል፣ እግሬን ሳነሳ ወዲያው ይጠፋል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ስትቆም ጭራሽ አይሰማም። ይህን መለየት ከግማሽ በላይ ሥራውን ያቃልላል። የቫልቭ ክፍተት የሰፋበት ሞተር ቆሞም ይንቀጫቀጫል፤ የበላ የሞተር ኩሽኔታ ድምፅ ደግሞ ወፍራምና ከሥር የሚመጣ ነው። ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚመጣ ቀጭን የብረት ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የቃጠሎ ችግር ነው።

ሌላው ፍንጭ ቦታው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ፣ የእንጦጦን ዳገት ጨምሮ፣ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። አዳማ ደርሼ ስመለስ ግን ከሞጆ ጀምሮ አብሮኝ ይጓዛል። ዓባይ በረሃ ውስጥማ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስወጣ ሬዲዮ ከፍቼ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። አንዱ «ቤንዚኑ ላምባ ተቀላቅሎበታል» አለኝ። ላምባ የቤንዚንን የኦክቴን መጠን (በራሱ ያለመፈንዳት አቅሙን) ስለሚያወርድ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ነገር ግን ከተለያዩ ማደያዎች ብቀዳም ለውጥ አልነበረም። ካንዴላ ተቀየረ፣ ድምፁ ቀጠለ። አንድ የማከብራቸው መካኒክ ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ የተገጠመው የሞተሩ ክዳን) ወርዶ ፒስቶኑ ላይ የተጋገረው ካርቦን ይጠረግ አሉ። ካርቦን የመጭመቂያውን ቦታ ያጠባል፣ ሲግልም ራሱ እሳት ይሆናል፤ ስለዚህ ምክራቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቴስታታ ማውረድ ማለት አዲስ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ)፣ የእጅ ዋጋና ለቀናት የቆመች መኪና ማለት ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ታይሚንጉን በመብራት እንየው» አልኳቸው። «እኔ በጆሮዬ ነው የማስተካክለው፤ እስከ ዛሬ ማንም አልተመለሰብኝም» ብለው ሳቁ።

እዚህ ላይ ነገሩን ማብራራት አለብኝ፤ የመብራቱ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነውና። ካንዴላው እሳት የሚረጨው ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። እሳቱ በጣም ከቀደመ ግፊቱ ከልክ በላይ ያድግና ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የነዳጅና የአየር ቅልቅል በራሱ ይፈነዳል። የሚቅጨለጨለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሳሳ አየር ቃጠሎው ይዘገያል፣ ሞተሩም ይደክማል። መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ትንሽ ሲያዞርና እሳቱን ሲያስቀድም መኪናዋ ነቃ ትላለች፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ጆሮ የሚፈርደው በጋራዡ አየር ነው። ያው መኪና አዋሽ ሲወርድ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሲሊንደሩ ብዙ አየር ይስባል፣ አየሩም ሞቃት ነው፤ ቀድሞ የተለኮሰው እሳት ያን ጊዜ ይበዛበታል። በኮምፒውተር የሚታዘዙ አዳዲስ ሞተሮች ማንኳኳቱን በራሳቸው አዳምጠው እሳቱን ያዘገያሉ። ዲኤክስ ግን ጆሮ የላትም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ቀይና ጥቁር መቆንጠጫዎቹ ወደ ባትሪው፣ ሦስተኛው መቆንጠጫ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ። በመቆንጠጫው ላይ ያለው ቀስት ወደ ካንዴላው ማየት አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ መብራቱ ይዘላል። ከሞተሩ ፊት ያለውን፣ ቺንጋ የሚዞርበትን የፑሌጃውን ምልክት በነጭ ጠመኔ አደመቅሁት፤ ያለ ጠመኔ በዘይትና በአቧራ የተለበጠ ብረት ላይ ምንም አይታይም። ምልክቱን ከማመኔ በፊት ካንዴላውን ነቅዬ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞርኩ፣ ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምልክቱ ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋገጥሁ። ባረጁ መኪኖች ፑሌጃው ተቀይሮ ወይም በውስጡ ያለው ጎማ ተንሸራቶ ምልክቱ የሚዋሽበት ጊዜ አለ። ከዚያ ከካርቡሬተሩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅዬ ደፈንሁትና ለካሁ። እሳቱ የመኪናዋ መመሪያ ከሚለው በ9 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ነበር።

ወደ መመሪያው ስመልሰው ድምፁ በእጅጉ ቀነሰ፤ አልጠፋም ግን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲያው ካርቦን ነው» ይላል። እኔን ያቆመኝ ሌላ ነገር ነበር፦ በሚኒሞ ላይ የጠመኔው ምልክት አንድ ቦታ አይረጋም፣ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ነዳጅ ትንሽ ስሰጠው ደግሞ ቀስ እያለ መቅደም ሲገባው በአንድ ጊዜ ዘለለ። መደወሪያ የሌለው ርካሽ መብራት ቢሆን ኖሮ ዝላዩን ባየውም ስንት ዲግሪ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዲስትሪቢዩተሩ ሲፈታ በውስጡ ያሉትን ክብደቶች ከሚይዙት ሁለት ሞላዎች ቀጭኑ ተበጥሶ ተገኘ። ክብደቶቹ ፍጥነት ሲጨምር ተከፍተው እሳቱን ያስቀድማሉ፤ የሚገታቸው ሞላው ነው። ሞላው ከሱማሌ ተራ፣ ከአሮጌ ዲስትሪቢዩተር ተፈትቶ ተገኘ፤ ዋጋው ከጓርኒሲዮኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቴስታታው እስከ ዛሬ አልወረደም።

ከዚያ በኋላ መመሪያው ላይ ባለው ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ መነሻ ላይ ስለከበዳት 2 ዲግሪ አስቀድሜላታለሁ። አዳማ ደርሳ በሙሉ ጭነት ስትመለስ ዝም ትላለች። ከዓባይ በረሃ ስትወጣ አራተኛ ማርሽ ላይ ካዘገየኋት አሁንም ጥቂት ታንኳኳለች፤ ወደ ሦስተኛ ስመልሳት ይቆማል። ከዚህ በላይ አልጠብቅባትም።

አሁን የመብራቱን ጉድለት ልዘርዝር። በቀን ብርሃን ይደክማል፤ እኔ የምለካው ሲመሽ ወይም ኮፈኑ ሥር ጥላ ፈጥሬ ነው። ገመዱ አጭር ነው። የፕላስቲክ አካሉ አንድ ጊዜ የጭስ ማውጫውን ብረት ነክቶ ጎኑ ቀልጧል፤ ሥራውን ግን አላቆመም። መደወሪያው ከዜሮ ትንሽ ስለሚንሸራተት ሁልጊዜ ዜሮ ላይ አንብቤ እጀምራለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን የዕቃው ጉድለት ሳይሆን የብርሃኑ ባሕርይ ነው፦ የሚሽከረከረው ማራገቢያና ቺንጋ በብልጭታው የቆሙ ይመስላሉ። ሸሚዝ ተጠቅልሎ፣ ሰዓት ወልቆ፣ ልጆች ርቀው መሠራት አለበት።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ቪትዝና መሰል መኪና ያላችሁ አትግዙ። የካንዴላ ገመድ ስለሌላቸው መቆንጠጫው የሚያርፍበት የለም፤ ቢያርፍም ታይሚንጉ በእጅ አይስተካከልም። ዲስትሪቢዩተር ላለው አሮጌ መኪና ግን፣ በተለይ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ፣ መደወሪያ ያለውን ምረጡ። ከመክፈላችሁ በፊት በር ላይ ባለ መኪና ላይ አብርታችሁ ሞክሩት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከ2024 ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ አሮጌዋን መንከባከብ ለብዙዎቻችን ግዴታ ሆኗል። ጋሼም አንዱን ለጋራዣቸው እንዳስመጣላቸው ጠይቀውኛል፤ ገመዱ ረጅም እንዲሆን አስጠንቅቀው።