ከዴንቨር ሳንርቅ ጎሽ አየን፦ የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ

ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራና ዴንቨር አካባቢ የምትኖሩ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁ፣ እዚህ ቦታ ሳትሄዱ እንዳትቀሩ። ኮመርስ ሲቲ ውስጥ፣ ከእግር ኳስ ስታዲየሙ አጠገብ ነው። መግቢያው በነጻ ነው።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መንገድ አትሄድም። እዚህ ግን 11 ማይል የሚሆን የመኪና መንገድ አለ። በሜዳው ውስጥ ቀስ እያላችሁ ትነዳላችሁ። ጎሾቹ (ባይሰን የሚባሉት የአሜሪካ ጎሾች) ያሉበት ክልል ውስጥማ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው።

እኛ ስንደርስ አንድ ኮርማ መንገድ ዳር አቧራ ላይ ይንከባለል ነበር። ሞተሩን አጥፍተን ጠበቅነው። ተነሳና ራሱን አራገፈ፤ አፈሩ ከጎፈሩ ላይ ብን አለ። በእማዬ መስኮት በኩል ሲያልፍ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማ ነበር። "በስመ አብ! ይሄ በሬ ነው አንበሳ?" አለች። እስኪርቅ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

የሚገርመው የቦታው ታሪክ ነው። በ1942 የአሜሪካ ጦር የኬሚካል መሣሪያ ፋብሪካ የሠራው እዚሁ ነው። በኋላም የተባይ ማጥፊያ ይመረትበት ነበር። አፈሩም ውሃውም ተመርዞ ስለነበር ጽዳቱ ረጅም ዓመታት ወስዷል። በ1986 ራሰ ነጭ ንስሮች ክረምቱን (የበረዶውን ወራት) እዚያ ሲያሳልፉ ተገኙ፤ በ1992 መጠለያ እንዲሆን ሕግ ወጣ። ጎሾቹ የመጡት በ2007 ከሞንታና ነው፤ ያኔ 16 ብቻ ነበሩ። ዛሬ 15,000 ኤከር የሚያህል ሜዳ ነው። እንዲህ ዓይነት መሬት ሲያገግም ማየት ልቤን ነክቶታል።

ልጆች በጣም የሚወዱት ፕሬሪ ዶግ የሚባሉትን ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት ነው። በኋላ እግራቸው ቆመው ይጮሃሉ፣ ከዚያ እልም ብለው ጉድጓዳቸው ይገባሉ። እነሱ የተዉት ጉድጓድ ውስጥ በበጋ (በሙቀቱ ወራት) ትንንሽ ጉጉቶች ይኖሩበታል። ደህና ቢኖኩላር ካላችሁ ያዙ፤ ጉጉቶቹ ከአፈሩ ጋር ስለሚመሳሰሉ በባዶ ዓይን ያስቸግራሉ። ዳክዬና ሌላ የውሃ ወፍ ለማየት ደግሞ ሌክ ሜሪ የሚባለው ሐይቅ ጋ ውረዱ፤ መንገዱ አጭር ነው።

ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሹ ላይ ሂዱ። በበጋ እኩለ ቀን አልመክርም፤ ፀሐዩ ይከብዳል፣ እንስሳቱም ይደበቃሉ። ንስር ለማየት ክረምት ይሻላል። ምግብና ውሃ ከቤት ያዙ። ውሻችሁን ግን ቤት ተዉት፣ አይፈቀድም።