የአያቴን ውጅግራ ላዳኑልኝ ሰው

ሰው ሲያበላሽብኝ ለመጮህ ማንም አይቀድመኝም። ሲያሳምርልኝ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ዛሬ ለማመስገን ነው የመጣሁት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የአያቴ ጠመንጃ ነው። ውጅግራ፣ ያ የድሮው፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው። ከመንዝ ነው የመጣው። የአያቴ አባት ዓድዋ ዘምቶበታል ይባላል። መቼም በዚህ አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓድዋ ያልዘመተ ውጅግራ አይገኝም፣ እኔም አልከራከርም። አሁን ያለው አጎቴ ቤት ነው፣ ፈቃዱም በሱ ስም ነው።

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ጣሪያ አፈሰሰ። ውሃው ስንት ቀን እላዩ ላይ ሲንጠባጠብ እንደከረመ ማንም አላየም። እንጨቱ ነጣ፣ ሻከረ፣ ሰደፉ ላይ ጥቁር እድፍ ያዘ። እናቴ ስታየው ለቅሶ ቤት የገባች ነው የመሰለችው። ልጅ እያለች ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንጨቱን በቅቤ የምታሸው እሷ ነበረች። "አባቴን አስደበደባችሁት" አለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ "አሳድሰዋለሁ፣ ለዚህ ነው?" አልኩ።

መከራዬ ከዚች ቃል ይጀምራል።

አጎቴ ብረቱን ፈትቶ ቆለፈበት። እኔ እንጨቱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የጦር መሣሪያው አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ማን ደፍሮ ሙሉ ጠመንጃ ይዞ ፒያሳን ያቋርጣል? እንጨቱ ብቻውን ግን ከሜትር ይበልጣል። በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ስገባ ረዳቱ "ማሲንቆ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። እስክወርድ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ተጫወትልን ሲለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ትልቅ ፈርኒቸር ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። "ቀላል ናት፣ ሐሙስ ና" አሉኝ። ሐሙስ ስሄድ እንጨቱን በማሽን ፈግፍገው ፈግፍገው ቫርኒሽ ደፍተውበታል። ያብለጨልጫል። ፊቴን አየሁበት ስላችሁ ቀልድ አይምሰላችሁ። የአያቴ ጠመንጃ የሶፋ እግር ሆኖ ጠበቀኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ምልክቱ ነው። ሰደፉ ላይ፣ ጉንጭ ከሚያርፍበት ዝቅ ብሎ፣ አያቴ በጩቤ የቀረጻት ትንሽ መስቀል ነበረች፣ ከሥሯ ደግሞ አምስት ጭረት። ስለ ጭረቶቹ አጎቴ የሚያወራው ሌላ ነው፣ ጀግንነት ይበዛበታል። እናቴ ደግሞ ያበደረውን የገብስ ቁና ነው የቆጠረበት ትላለች። እኔ እሷን ነው የማምነው። ምንም ይሁን ምን፣ አያቴ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። በእጁ ጽፎት የቀረ ነገር ቢኖር ያ ነው። ጠፍቷል። "እዚህ ጋ የነበረውስ?" ስላቸው "ያ ጭረቱ? አጸዳንልህ እኮ!" አሉኝ። አጸዳንልህ! ሂሳብ 4,000 ብር። ከፈልኩ። ለምን እንደከፈልኩ እስካሁን አላውቅም።

ሁለተኛው ሰውዬ ገና ጋቢውን ሳልፈታ "ይሄማ አልቋል፣ በዋንዛ አዲስ ልሥራልህ" አለኝ። አይ፣ ቫርኒሹን ብቻ አንሳልኝ ብዬ ለምኜ፣ ቀብድ ከፍዬ ተውኩለት። ከዚያ ነገ ና። ማክሰኞ ና። ከበዓል በኋላ ና። ሰባት ሳምንት! በስምንተኛው ሳልደውል ድንገት ሄድኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው፣ የጓሮው በር እንዳይዘጋ በአያቴ ሰደፍ ደግፈውታል። ቃል አልተናገርኩም። አነሳሁት፣ በሩ ኋላዬ ጓ ብሎ ተዘጋ፣ ወጣሁ። ቀብዱንም እዚያው ይብላው።

እንግዲህ ወደ ደጉ ነገር።

ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ቡና የምታፈላ አንዲት ልጅ አለች። ያን ቀን ተናድጄ እሷ ጋ ቁጭ አልኩና ታሪኩን ሳልጠየቅ ዘረገፍኩት። ልጅቷ ሲኒውን እያጠበች "ለምን ጋሼ ጋ አትወስደውም?" አለችኝ። ጋሼ ድሮ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ አሉ። 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ መሣሪያቸውን ሰብስበው ወደ አፍንጮ በር፣ ዘመድ ግቢ ገቡ። ታፔላ የላቸውም። ስማቸውን ልጻፍ ስላቸው "ተወው፣ እኔ ለወሬ አልሆንም" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ብዬ እቀጥላለሁ።

እንጨቱን ሳቀብላቸው ዋጋ አልጠሩም። መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት፣ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ነው።

"ብረቱ የት አለ?"

"ቤት ነው፣ ተቆልፎበታል።"

"ጎሽ። እንዳታመጣብኝ።" ትንሽ ዝም ብለው "ፉዚል ግራ ነው ይሄ። የኛ ሰው ነው ውጅግራ ያለው። እንጨቱ ዋልነት ነው፣ ከነብረቱ ከፈረንሳይ ነው የመጣው። ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። "ተወው፣ ተወው። እንጀራው ነው።"

2,500 ብር ተነጋገርን። ሦስት ሳምንት አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሲሉ እኔ በሆዴ ሦስት ወር ብዬ ያዝኩት፣ ለምጄዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። "ልጄ፣ ሰደፉ ላይ ስቱኮ የተሞላ ነገር አገኘሁ። ብል የበላው ነው ወይስ የሰው እጅ ነው?"

እመኑኝ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ጠፋ ያልኩት ምልክት ለካ ጨርሶ አልጠፋም! አያቴ ጠልቆ ነው የቀረጸው። እነዚያ ሰዎች ላይ ላዩን ፈግፍገው የቀረውን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀብተውበታል። "የሰው እጅ ነው" አልኳቸው። "እንግዲያው አልነካውም። ነገ ባለቤቱን ይዘህ ና። ባለቤቱ ሳይኖር አልከፍተውም።"

በማግስቱ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ያለችውን አንዲት ወንበር አራግፈው ለሷ ሰጡ፣ እሳቸው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ምን አወጡ መሰላችሁ? ወስፌ! ሰፌድ የሚሰፋበትን ወስፌ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስቱኮውን ፍርፍር በፍርፍር ከጭረቱ ውስጥ ያወጡት ጀመር። እፍ ይላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ እናቴን ቀና ብለው ያያሉ። መጀመሪያ መስቀሏ ወጣች። እናቴ አማተበች። ከዚያ ጭረቶቹን ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። አምስተኛው ላይ ስትደርስ "ይሄኛው የጎረቤታችን ነው፣ እስከ ዛሬ አልከፈሉም" አለች። ጋሼ ወስፌውን አስቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ።

የቀረውን ሥራ ንገረን ብትሉኝ ብዙም አልገባኝም። የሆነ ነገር ቀቡትና ቫርኒሹ እንደ ስልባቦት ተሸብሽቦ ተነሳ። የጎደጎደበትን ቦታ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በካውያ ሲተኩሱት፣ የተረገጠው እንጨት ዓይኔ እያየ አብጦ ቀና አለ። ብርጭቆ ወረቀት የያዙት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፣ ምልክቱ አጠገብማ ጭራሽ አላስደረሱትም። እንዴት እንደሚያውቁበት እሳቸው ይወቁት።

መጨረሻ ላይ ዘይት ነው። በየቀኑ ስስ አድርገው ይቀባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ያስተኙታል። የመጨረሻውን ቅብ ግን ጨርቁን ለእናቴ ሰጧት። "ድሮ የምታሺው አንቺ አይደለሽም እንዴ? በይ እሺው።" እናቴ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና "ተልባ!" አለች። የተልባ ዘይት ነው። "ቅቤውም ደግ ነበር እትዬ፣ ግን አይደርቅም። ተልባ ይደርቃል።" እናቴ እንጨቱን ጭኗ ላይ አጋድማ አሸችው። አልቸኮለችም። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ስልክ የማናግር መሰልኩ።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ዝም ብለው አይጥሉትም። ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተው ውጭ ያሰጡታል። ተጨባብጦ ከተቀመጠ በራሱ ይነዳል አሉኝ። እንዲህ ለጨርቅ የሚጠነቀቅ ሰው ለእንጨቴ ባይጠነቀቅ ነበር የሚገርመኝ።

በሃያኛው ቀን አለቀ። ሃያ! እንጨቱ አያብለጨልጭም። ጠቆር ያለ፣ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፣ እጅ የለመደው ነገር ነው የሚመስለው። 3,000 ብር ሰጠኋቸው። ቆጠሩና 500ውን መለሱልኝ። "የተነጋገርነው ስንት ነው?" አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። በስንት ልመና ቡና ጋበዝኳቸው፣ እሱንም ልጅቷ ሒሳብ አልቀበልም አለች።

እና ወገኖቼ፣ የአያት ወንበር ያላችሁ፣ ሳጥን ያላችሁ፣ እግሩ የላላ አልጋ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለማንም ማሽን ላለው ሰው አትስጡ። ጋሼ ጋ ውሰዱ። ቦታውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ጋሼ ጋ ውሰዱ። ብቻ አታጣድፏቸው፣ ደርሷል ወይ እያላችሁ በየቀኑ አትደውሉ። እሳቸው ራሳቸው ይደውላሉ። ዕቃችሁ ላይ የሰው እጅ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ጠመንጃ ያላችሁ ብረቱን ቤት ተዉት። ይቆጣሉ።