ራሱን ያስተካክላል የተባለው ተናጋሪ ሰዓት

እህቴ ከዴንቨር የላከችልኝን ተናጋሪ የእጅ ሰዓት ማሰር ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። አንዱን ቁልፍ ስጫን ሰዓቱን፣ ሌላውን ስጫን ቀኑን በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ስለሆነ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለበትና ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት ራሱን የማስተካከል ችሎታው ነው።

ሻጩ ለእህቴ «በሳተላይት ስለሚታረም የዓይነ ስውር እጅ አያስፈልገውም» ብሏት ነበር። ጌታዬ፣ ይህ ሰዓት ከሳተላይት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚታረመው ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ አጠገብ ያለው ደብልዩ ደብልዩ ቪ ቢ የተባለው ጣቢያ በ60 ኪሎ ኸርዝ የሚያሰራጨውን የሬዲዮ ምልክት ሌሊት ሌሊት እየተቀበለ ነው። እህቴ ቤት በመጀመሪያው ሌሊት ልክ መግባቱ አይደንቅም፣ ጣቢያው እዚያው ግዛቷ ውስጥ ነውና። አዲስ አበባ ግን ያ ምልክት አይደርስም፤ ጀርመን ማይንፍሊንገን ያለው የአውሮፓው ጣቢያም ቢሆን አይደርስልንም። ታዲያ ከመሸጥ በፊት «ዕቃው የሚሄደው ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስቸግር ነበር?

እየተበሳጨሁ በእጄ ልሞላው ተነሣሁ። ቁልፉን ተጭኜ ስቆይ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብሎ ስለሚጠራ የሰው ዓይን መለመን አላስፈለገኝም። የፈረንጁን ሰዓት ትቼ ስድስት ሰዓት ወደኋላ በመመለስ በእኛው አቆጣጠር ሞላሁት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልጠበቅኩም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «ዋን ኤኤም»፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ «ቱ ፒኤም» ይላል፤ ማለትም «ኤኤም» ሙሉ በሙሉ የቀኑ፣ «ፒኤም» ሙሉ በሙሉ የሌሊቱ ሆኑልኝ። ዕለቱንም የሚቀይረው ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ስለሆነ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ብጠይቀው ገና ማክሰኞ ነው ይለኛል። ጳጉሜን ስለማያውቅ የቀን ቁጥሩን አልሰማውም። ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጩኸት ጋር ስለማይወዳደር ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳምጠዋለሁ።

ምልክቱ እዚህ ቢደርስ ኖሮ አሞላሌን በየሌሊቱ ያፈርስብኝ ነበር፤ ስለዚህ የሻጩን ወሬ ባልወደውም ሰዓቱን አልመልስም። አገር ቤት ላለ ዘመድ የሚገዛ ሰው በሬዲዮ ለሚታረመው ተጨማሪ ከመክፈል ይልቅ በእጅ የሚሞላውን ተራ ተናጋሪ ሰዓት ይላክ። አሜሪካ ሆኖ በሐበሻ ሰዓት መቁጠር የሚፈልግ ደግሞ ምልክት መቀበያው የሚዘጋ መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አያውጣ።